የመጋላ መድኃኒትና የዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው በ1855 መጀመሪያ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ የቢንቢ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል ብለው በሶማሌ ምድር እንደነገሩት ይጠቅሳል። ጠቅሶ ብቻ አያልፍም፤ አጉል እምነት ነው ይላል። ቢንቢም ትኩሳትም የሚበረቱት በአንድ ወቅት ስለሆነ ሰዎቹ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርገውት ይሆናል ብሎ ይፈርዳል። ሮናልድ ሮስ ህንድ አገር ሆኖ የወባን ተሕዋስ በቢንቢ ሆድ ውስጥ ያገኘው መጽሐፉ ከታተመ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው።

በ2022 ወባ ድሬዳዋን በማይጠበቅበት ወቅት፣ በደረቁ ወራት መታት። ተመራማሪዎች ዱካውን ሲከተሉ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለውን፣ ከእስያ የመጣችና ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የታየች ቢንቢ ነው። ይህቺ ረግረግ አትፈልግም፤ ለውኃ እጥረት ተብሎ በተቀመጠ በርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ገንዳ ትራባለች። ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። ጥናቱ በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማዋን አልጋ ላይ አውለዋታል። ሁለቱም በቢንቢ የሚተላለፉ ናቸው፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ መጽሔቶች ተጽፎላቸዋል።

እንግዲህ አንድ የድሬዳዋ የሕክምና ተማሪ «የዚህ አገር ሰው ስለ ትኩሳት ምን ያውቅ ነበር፣ ዛሬስ ምን ይላል?» ብሎ ቢነሣ የት ይሂድ? የበርተን መጽሐፍ ከተገኘ የሚገኘው ከጉዞና ከታሪክ መጻሕፍት መሀል ነው፤ የጤና መደርደሪያ አጠገብ አይደርስም። የ2023ቱ ጥናት ኮምፒውተር ላይ ነው። መጋላ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውኃ በበርሜል የምታጠራቅመው እናት የምታውቀውን ግን የጻፈላት የለም ማለት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለ ነባር ሕዝቦች ጤና ያለውን ክምችት ይመዝን ሲባል ከሩቅ የመጽሐፍ ቆጠራ ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት የማን ማወቅ እውቀት ተብሎ፣ የማን ማወቅ አጉል እምነት ተብሎ ይመዘገባል የሚል የቆየ ክርክር ነው።

ከካናዳ የመጣው ሚዛን

ጥያቄው በዚህ መልኩ ጎልቶ የወጣው ካናዳ ውስጥ ነው። በዚያ አገር ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በቆየ ሥርዓት ከ150,000 የማያንሱ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጅ ተነጥለው፣ ቋንቋቸውን እንዲረሱ በተደረጉበት አዳሪ ትምህርት ቤት አድገዋል። ይህን የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ሥራውን ሲጨርስ 94 የተግባር ጥሪዎችን አቀረበ። ሃያ ሁለተኛው የጤና ሥርዓቱ የነባር ሕዝቦችን የፈውስ ልማድ ዋጋ እንዲሰጠው፣ ታካሚው ሲጠይቅም ከፈዋሾችና ከሽማግሌዎች ጋር አብሮ እንዲሠራ ይጠይቃል። ሃያ አራተኛው የሕክምናና የነርስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ስለ ነባር ሕዝቦች ጤና እንዲያስተምሩ ይላል። ትምህርቱ ግዴታ ከሆነ መጽሐፉ ከየት ይምጣ? የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ወደ መደርደሪያቸው ዞረው ማየት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንም በ2017 የራሱን የዕርቅ ሪፖርት አወጣ።

ክምችት መመዘን ራሱ አዲስ ሙያ አይደለም። ባለሙያው የመጻሕፍቱን ብዛትና ዕድሜ ያያል፣ ከታወቀ የመጻሕፍት ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ ምን ያህል እንደተዋሱት ይቆጥራል፣ ከሚሰጡት ኮርሶች ጋር ያነጻጽራል። የአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ከ1980 ገደማ ጀምሮ አንድን ዘርፍ ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ የሚሰጥ የጋራ መለኪያ ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ዜሮ ምንም የለንም፣ አምስት ሁሉም አለን ነው። ከዕርቁ በኋላ የተጨመሩት ጥያቄዎች ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። ጸሐፊው ከማኅበረሰቡ ነው ወይስ ስለ ማኅበረሰቡ የጻፈ እንግዳ? መጽሐፉ ሕዝቡን በበሽታው፣ በሱሱና በሞቱ ብቻ ነው የሚያሳየው ወይስ ጤናውን እንዴት ሲጠብቅ እንደኖረም ይናገራል? በየትኛው ቋንቋ ነው? ካታሎጉ የሕዝቡን ስም የሚጽፈው ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ነው? በአሮጌው መለኪያ አምስት ያገኘ ክምችት በእነዚህ ሲጠየቅ ከሁለት ላያልፍ ይችላል።

ይህን ሚዛን እንዳለ አምጥቶ ድሬዳዋ ላይ መትከል አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በመስከረም 2007 ሲያጸድቅ 144 አገሮች ደግፈው፣ ካናዳን ጨምሮ አራት ተቃውመው ነበር። ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ ላይ አልተገኘችም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ከኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል ነባር አይደለሁም የሚል የለም። በድሬዳዋ ይህ ጥያቄ የወንበር ጥያቄም ነው፤ ከተማዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ዓ.ም. ቻርተር አግኝታ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነችው፣ ሥልጣኑም 40-40-20 በሚባለው ቀመር ሲከፋፈል የኖረው የባለቤትነቱ ጉዳይ ስላልተቋጨ ነው። በ2007ቱ ቆጠራ ከ341,834 ነዋሪዎቿ 46 በመቶ ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 በመቶ ያህሉ ሶማሌ፣ 20 በመቶ ያህሉ አማራ ነበሩ፤ ጉራጌው፣ ሐረሪውና አርጎባው ሲጨመር ማን ነባር፣ ማን መጤ ነው የሚለውን የሚፈታ የመጻሕፍት ዝርዝር አይኖርም። ቤተ መጻሕፍቱም በዚህ ገብቶ መፍረድ የለበትም። የሚጠበቅበት ሌላ ነው፦ በከተማዋ የሚኖር ታማሚ በየትኛው ቋንቋ ያማርራል፣ ማንንስ ነው መጀመሪያ የሚያማክረው?

ጎንደርን ይዞ መጋላን ማጣት

የኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ተጽፎ አያውቅም የሚለው አባባል ልክ አይደለም። መጽሐፈ መድኃኒት፣ ዕፀ ደብዳቤ እየተባሉ የሚጠሩ የግእዝና የአማርኛ የእጅ ጽሑፎች ለየበሽታው ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ መጠኑንና አወሳሰዱን እየዘረዘሩ ለዘመናት ተቀድተዋል። ጸሎቱም፣ አስማቱም፣ የእብድ ውሻ መድኃኒቱም በአንድ ብራና ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ችግሩ የተጻፈው የት እንደ ሄደ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የመጻሕፍት ጭነት ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ 350 ያህል የእጅ ጽሑፎች ሆኖ ተቀምጧል። አንትዋን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰበሰባቸው ፓሪስ ናቸው። ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተመ፤ ከ1931 እስከ 1933 በመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞም ከጎንደር አካባቢ በመቶ የሚቆጠሩ ብራናዎች ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት የጻፈውን ሁለት ቅጽ በ1968ና በ1973 ያወጣው በፈረንሳይኛ ነው፤ እስከ ዛሬም ምሁር ሁሉ የሚጠቅሰው እሱን ነው። አንድ የጎንደር ደብተራ የአያቱን መድኃኒት አንብቦ ለማመሳከር ፈረንሳይኛ መማር ይኖርበታል ማለት ነው።

በአገር ውስጥም ባዶ አልነበረም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የአገሪቱን የሕክምና ታሪክ በ1990 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በ1973 የተጀመረው የእጅ ጽሑፎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከዘጠኝ ሺህ በላይ ብራናዎችን በፊልም ቀርጿል፤ ቅጂው አዲስ አበባና ሚኒሶታ ውስጥ አለ፣ ካታሎጉንም በአብዛኛው የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል የገላሁን አባተን «ዕፀ ደብዳቤ» በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው አርታኢነት በአማርኛ ያሳተመው በ1989 ነው። ዳዊት አበበና አሀዱ አየሁም በ1993 የሰሜን ኢትዮጵያን የመድኃኒት ዕፀዋትና ስውር የሕክምና ልማዶች በእንግሊዝኛ ጻፉ።

«የሰሜን ኢትዮጵያ» የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ ከሞላ ጎደል የግእዙን፣ የቤተ ክህነቱን፣ የደጋውን እውቀት ይመለከታል። ድሬዳዋ ያለ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ አግኝቶ እነዚህን ሁሉ ቢገዛ፣ በአገር አቀፍ ዝርዝር ሲመሳከር ጥሩ ነጥብ ያመጣል፤ ጎንደርን ይዞ ግን መጋላን ያጣል። ለምሥራቁ ሌላ ዓይነት ፍለጋ ያስፈልገዋል። ከድሬዳዋ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ ባለችው ሐረር፣ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከሰው ቤት እየለመኑና እየገዙ ያሰባሰቧቸው የአረብኛና የአጀሚ የእጅ ጽሑፎች ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚጠራው ሙዚየማቸው ይገኛሉ። የነቢዩ ሕክምና እየተባለ በእስላሙ ዓለም የሚታወቀው ትምህርት፣ ጥቁር አዝሙዱም ማሩም ዋግምቱም፣ በዚህ አካባቢ በሸኾቹ እጅና አንደበት ሲተላለፍ የኖረ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞ፣ የኢሳና የጉርጉራ ሶማሌ፣ የአፋሩም እውቀት ይበልጡን በቃል ያለ ነው።

መጋላ ይህ ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ነው። በ1902 የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወዲህ የከዚራ ሰፈር በቀጥታ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ለባቡር ኩባንያው ሰዎች ተነደፈ፤ ማዶው መጋላ ግን በነጋዴው፣ በግመለኛውና በባለ ሱቁ እጅ አደገ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከቅመሙ ጋር ከርቤው፣ ዕጣኑ፣ አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ ይሸጣል። ገዢዋ በኦሮምኛ ጠይቃ፣ ሻጯ በሶማሊኛ መልሳ፣ በአማርኛ ዋጋ ይቆርጣሉ። ስለ አወሳሰዱ የሚሰጠው ምክር፣ ለነፍሰ ጡር የሚከለከለው፣ ለሕፃን የሚቀነሰው፣ ከዚያው ከሚዛኑ አጠገብ የሚነገር ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል ከሚገባው በሽተኛ ስንቱ መጀመሪያ በዚህ በኩል እንዳለፈ የሕክምና ተማሪው ቢጠይቅ አይከፋም። ላለመጠየቁ አንዱ ምክንያት ጠይቅ የሚለው መጽሐፍ አለማግኘቱ ይመስለኛል።

ጫት ጥሩ ማሳያ ነው። ድሬዳዋ የጫት ንግድ መናኸሪያ ናት፤ ስለ ጫት የተጻፈው ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። የዓለማያው (የዛሬው ሐረማያ) አማረ ጌታሁን ከክሪኮሪያን ጋር በ1973 ኢኮኖሚክ ቦታኒ በተባለው መጽሔት ላይ የሐረርን ጫት ከአስተራረሱ እስከ አጠቃቀሙ አስፍተው ጽፈዋል። ሳይንቲስቶች ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር በ1975 ከለዩ በኋላ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋደለ፤ የጤና መጽሔቶቹ ከሱስ፣ ከደም ግፊትና ከአእምሮ ሕመም ጋር ነው የሚያነሡት። ይህ መጻፉ ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬው ለእርሻ ብርታት፣ ሸኹ ለሌሊት ዱዓ፣ ሽማግሌው ለእርቅ ሸንጎ ለምን እንደሚይዘው የሚያስረዳው ጽሑፍ ካለ ያለው በሌላ ሕንፃ፣ በአንትሮፖሎጂ መደርደሪያ ነው። ተማሪው ሁለቱን በአንድ ላይ አያገኛቸውም። ተመርቆ ሲወጣ የሚያክመው ሰው ግን ሁለቱንም ይዞ ይመጣል።

ስሙን ማን አወጣለት

ብዙ የዓለም ቤተ መጻሕፍት በሚመሩበት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የሕዝብ ሕክምና ቦታው ጂአር 880 ነው። ጂአር የተረትና የአፈ ታሪክ ክፍል ነው። መድኃኒት ቅመማ አርኤስ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ታሪክና ጉዞ ዲቲ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንድ ወጌሻ ሥራ እንደ ጸሐፊው ሁኔታ ተረት፣ ፋርማሲ ወይም የጉዞ ትዝታ ሆኖ ሦስት ፎቅ ላይ ይበተናል። መዳቢው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መጽሐፉ አንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ ስላለበት ነው። ግን ቦታው ፍርድም ነው፤ በርተን ስለ ቢንቢዋ የሰጠውን ዓይነት ፍርድ።

ስሞቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የዚያው ቤተ መጻሕፍት የርዕስ ዝርዝር ኦሮሞዎችን ለብዙ ዘመን ሲጠራ የኖረው ራሳቸው በማይቀበሉትና እንደ ስድብ በሚቆጥሩት ስም ነበር፤ የቋንቋው ባለ ሦስት ፊደል መለያ ሳይቀር ከዚያው የተቀዳ ነበር። ሁለቱም ተሽረው ኦሮሞ በሚለው ተተክተዋል። ከውጭ ተገልብጦ የመጣ አሮጌ የካታሎግ ካርድ ያለው ቤተ መጻሕፍት ግን የቀድሞው ስም በመሳቢያው ውስጥ ተኝቶ ሊያገኘው ይችላል። ኮሶን የሚፈልግ ሰውም ሀጌንያ አቢሲኒካ ብሎ ካልጠየቀ አያገኘውም፤ ስሙ የተሰጠለት ሐጌን የኮኒግስበርግ ጀርመናዊ ነበር። ከዚያ በኋላም ዛፉ በአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ብራዬራ ተብሎ ነበር፤ ኮሶ ጠጥቶ ትሉን ሲያራግፍ የኖረው ሰው ስም ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከርቤን ሶማሊኛ ተናጋሪው መልመል፣ እሬትን ኦሮሞው አርጊሳ፣ ሶማሌው ደዓር ይለዋል። ካታሎጉ እነዚህን ሁሉ ወደ አንዱ መጽሐፍ የሚመሩ መግቢያዎች አድርጎ መመዝገብ ይችላል፤ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልገውም፤ ሦስቱን ቋንቋ የሚያውቁ ሠራተኞች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው የሚያስፈልገው። በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ የሞሃክ ተወላጅ የሆነው ብራያን ዲር ለነባር ሕዝቦች መጻሕፍት የራሱን አመዳደብ ነድፏል፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ በአንድ ቤተ መጻሕፍቱ ይጠቀምበታል። አንድ ሰው የጀመረው ሥራ ነው።

ሁሉም ይከፈት?

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ፈዋሾች እውቀታቸውን በመጽሐፍ ለማስፈር አይቸኩሉም። ለሚወዱት አንድ ልጅ ያወርሱታል፣ ወይም ይዘውት ይሞታሉ። ከተማረው ወገን ይህን ንፍገት የሚሉት ብዙ ናቸው። የእንዶድ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር ለቢልሃርዚያ መከላከያ ተስፋ ሆነ፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙበት። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቱቦ የሚደፍኑ ዛጎል ለበሶችን ለመግደል መጠቀምን በፓተንት አስመዘገበ፤ ብዙ ክርክርም አስነሣ። ታሪኩ ሲተረክ የልብስ አጣቢዎቹ ስም ሲነሣ አልሰማሁም።

ሕጉ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ማኅበረሰቦች እውቀታቸው ከመወሰዱ በፊት ፈቃድ የመስጠት፣ ይጎዳናል ካሉም የመከልከልና ከጥቅሙ የመካፈል መብት ይሰጣል። በግንቦት 2024 ጄኔቭ ላይ የተፈረመው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነትም የፓተንት አመልካች የሚጠቀምበት የዘረመል ሀብትና ባህላዊ እውቀት ከየት እንደመጣ እንዲናገር ያስገድዳል። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በዚህ መሀል የማይመች ቦታ ላይ ነው። መንግሥት በ2019 ያወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል። የማስተርስ ተማሪ ከአንድ አባወራ ተቀብሎ የጻፈው የመድኃኒት አሠራር ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የማን ፈቃድ ተጠየቀ? ክምችት ሲመዘን «ስንት አለን» ከሚለው ጎን «ከዚህ ውስጥ ባለቤቱ ሳያውቅ የተከፈተ ስንት ነው» ተብሎ መጠየቅ አለበት እላለሁ። አንዳንዱ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ከሳይንስ የሚጎድል ነገር የለም።

ባህላዊ ሁሉ ይከበር ማለትም ሌላው ጥግ ነው። የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ወጌሻ አጥብቆ ባሰረው እግር ላይ ሥጋው ሞቶ መቆረጥ ስለሚደርስባቸው ሕፃናት በተደጋጋሚ ጽፈዋል። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ የሴት ልጅ ግርዛትም በዚሁ ምሥራቅ ያሉ ናቸው። ዕርቅ ያሰበ መደርደሪያ እነዚህን ቢደብቅ ማንንም አያስታርቅም። ተማሪው የሚያስፈልገው ጎጂውን ከጠቃሚው ለይቶ ወጌሻውን ሳያዋርድ ማናገር የሚያስችለው ጽሑፍ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ይልቅ የሚበዛው ከሕዝቡ 80 በመቶው በባህላዊ ሕክምና ይጠቀማል በሚል ዓረፍተ ነገር የሚጀምር የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ ከዓለም ጤና ድርጅት አካባቢ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲዋረስ የመጣ ግምት እንጂ ድሬዳዋ ላይ ቤት ለቤት ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ሰው ሁሉ ከሰው እየቀዳ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ቢጀመር

ኢትዮጵያም የዕርቅ ተቋማት አላጣችም። በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን የሥራ ዘመኑ በ2022 አበቃ፤ አገራዊ የምክክር ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ዓ.ም. ተተካ፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውም በሚያዝያ 2024 ጸደቀ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚበዛው ወሬ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ድንበርና ስለ ደም ነው። ጤና ግን ሰው መንግሥትን በየቀኑ የሚያገኝበት በር ነው። የኢሳ እረኛ ልጁን ይዞ መጥቶ ካርድ ክፍል ላይ ቋንቋው ሳይገባ ሲቀር፣ ያሠራው መተኮስ በሐኪሙ ፊት ሲያሳፍረው፣ ወደ ኋላ መመለሱ ለምክክሩ አጀንዳ ባይሆንም ከአጀንዳው ጋር የተያያዘ ነው።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረ ወጣት ተቋም ነው። ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ የመጽሐፍ ግዢ ደግሞ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። ስለዚህ ምዘናው በሚገዛ ነገር ባይጀምር ይሻላል። በአገር ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ሀብት የዩኒቨርሲቲው ራሱና የጎረቤቱ የሐረማያ የመመረቂያ ጽሑፎች ናቸው፤ ሐረማያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ፣ ሐረር ላይ የጤና ኮሌጅ ያለው ተቋም ስለሆነ ስለ ምሥራቁ ብዙ ነገር እጁ ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ በሚያስተባብረው፣ ሂናሪ በተባለው የጤና መጽሔቶች መረብ በኩል የደንጊውም የስቴፈንሲውም ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል፤ አንባቢው መኖሩን ካወቀ።

ሁለተኛው ነገር መዛኞቹን መምረጥ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና የሕክምና መምህር ብቻ ተቀምጠው ቢመዝኑ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። የቀፊራ መድኃኒት ሻጭ፣ ወጌሻ፣ አዋላጅ፣ ሸኽና ደብተራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጭምር ተጠርተው፣ አበል ተከፍሏቸው፣ ካታሎጉ በቋንቋቸው ተነብቦላቸው «ይህ ስለ እናንተ ተጽፏል፤ ልክ ነው?» ተብለው መጠየቅ አለባቸው። በአንዳንዱ ይስቁበታል። አንዳንዱ ይወጣ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ያስፈልገዋል፤ ከሌለው እንግዶቹን ባይጠራ ይሻላል።

ሦስተኛው የተመለሰ ውጤት ነው። ብዙ የዕፀዋት ጥናት የሚያበቃው በእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ነው፦ የላቲን ስም፣ የአካባቢ ስም፣ የሚታከመው በሽታ፣ የሚወሰደው ክፍል። መረጃውን የሰጠው ሰው ሠንጠረዡን አያየውም። ሦስት ገጽ ማጠቃለያ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ አዘጋጅቶ ለሰጪው ማድረስ፣ አንዱን ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ማስቀመጥ፣ ተማሪው ሳይመረቅ የሚሟላ ግዴታ ሊሆን ይችላል። የተርጓሚውና የመጓጓዣው ወጪ ትንሽ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ የሚያስቸግረው የማን በጀት ነው የሚለው ይሆናል። የቤተ መጻሕፍቱ በጀት ለመጽሐፍ ነው፤ የምርምር ቢሮው በጀት ጥናቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ የማኅበረሰብ አገልግሎቱ ደግሞ ጽሑፍ የእኔ ሥራ አይደለም ሊል ይችላል። ይህን በአንድ ደብዳቤ የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው አመራር ነው።